የማርሚታው ብሎን ሲነክስ

(የመክፈቻ ዜማ ለጥቂት ጊዜ ከፍ ብሎ ይሰማና ቀስ በቀስ ዝቅ ይላል።)

በየሳምንቱ በዚህ ሰዓት ስለ እጅ ጥበብና ስለ መሣሪያ አያያዝ የምንወያይበት ዝግጅት ዛሬም እንደ ልማዱ ወደ እናንተ ቀርቧል፤ በጋራዥ ያላችሁም፣ በቤታችሁ ያላችሁም፣ ሞተር ሳይክላችሁን ከዛፍ ጥላ ሥር አቁማችሁ የምታዳምጡም፣ ለጥቂት ጊዜ ጆሯችሁን ታውሱን ዘንድ በአክብሮት እንለምናለን።

የዛሬው ነገራችን ርዝመቱ ከአንድ ጣት የማይበልጥ ብረት ነው። ከሞተሩ ቴስታታ ላይ፣ የተቃጠለው ጭስ በሚወጣበት አፍ ግራና ቀኝ ተተክሎ የማርሚታውን አንገት ጨምቆ የሚይዝ፣ ራስ የሌለው፣ በሁለቱም ጫፉ ጥርስ የወጣለት ብሎን አለ፤ በሞያ ትምህርት ቤት ስተድ ይሉታል፤ እኛም ለንግግራችን ማጠር ስንል በዚሁ ስም እንጠራዋለን።

ይህ ስተድ ከዓመታት አገልግሎት በኋላ ነክሶ አልፈታ ያለ እንደ ሆነ ምን ይደረጋል? በጉልበት ሲታገሉት ስለ ምን ይሰበራል? ከተሰበረስ በኋላ ቴስታታው ይጣላል ወይስ ይድናል?

(አጭር ዜማ።)

አንዳንዱ አድማጭ፣ ሁለት ትናንሽ ብሎኖች ይህን ያህል ሊያነጋግሩ ይገባል ወይ ይል ይሆናል። የግብርና ሠራተኛውንና የጤና ባለሞያውን ከቀበሌ ወደ ቀበሌ የምታደርሰውን፣ በየከተማውም መልእክትና ዕቃ የምታመላልሰውን፣ ባለ አንድ ፒስቶን አነስተኛ ሞተር ሳይክል እናስብ። በፒስታ መንገድ ስትንቀጠቀጥ ውላ የአንዱ ስተድ ዳዶ ቢላላ ወይም ስተዱ ቢሰበር፣ የማርሚታው ክብደትና መንቀጥቀጥ ሁሉ በቀረው በአንዱ ላይ ይወድቃል፤ እርሱም ብቻውን ብዙ አይቆይም። ጭሱ በጎን ያመልጣል፣ ድምፅዋ ይሻክራል፣ ነዳጅ መስጫውን ስትለቁት በማርሚታዋ ውስጥ ትተኩሳለች፣ የማርሚታው አንገትም እየተወዛወዘ ይሰነጠቃል። ሥራዋን የሚጠባበቁ ብዙ ሰዎች ያሉባት ሞተር በእነዚህ ሁለት ብረቶች ምክንያት ትቆማለች።

ከሁሉ አስቀድሞ በልቡናችሁ እንዲቀር የምፈልገው አንድ ነገር አለ፤ ዝግጅቱ እስኪፈጸም ድረስም ደጋግሜ እመለስበታለሁ። ርካሹ ስተዱ ነው፤ ውዱ ቴስታታው ነው። ስተድና ዳዶ ከመለዋወጫ ሱቅ በጥቂት ገንዘብ ይገኛሉ፤ ቴስታታው ግን ቫልቮቹን የሚሸከም፣ ቃጠሎው ከበላዩ የሚታተምበት፣ የሞተሩ ዋና አካል ስለ ሆነ፣ እርሱ የተበላሸ ዕለት ኪሳራው ከብዙ ወር ድካም የተገኘውን ንዋይ ይበላል። እንግዲህ በዚህ ሥራ ላይ የምትወስኑት ውሳኔ ሁሉ በዚህ ሚዛን ይመዘን፤ ዳዶውን ለማዳን ስተዱን፣ ስተዱን ለማዳን ቴስታታውን አሳልፋችሁ አትስጡ።

(ጥቂት ዕረፍት።)

ለመሆኑ ብረቱ የሚነክሰው ስለ ምንድን ነው? ይህን ሳያውቁ መፍቻ ማንሣት ደዌውን ሳይለዩ መድኃኒት ማዘዝ ስለሚሆን፣ ምክንያቱን ረጋ ብለን እንመልከተው።

ስተዱ ብረት ነው፤ ቴስታታው አሉሚኒየም ነው። ሁለቱ በባሕርያቸው የተለያዩ ሲሆኑ፣ በተለይም አሉሚኒየም ሙቀት ባገኘው ጊዜ የሚሰፋው ከብረት በእጥፍ ገደማ በሚበልጥ መጠን ነው። ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ በከባድ ጭነት ጊዜ ሙቀቱ ከ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ስለሚችል፣ ሞተሩ በተነሣ ቁጥር ሁለቱ ማዕድናት ይሰፋሉ፣ በቆመ ቁጥር ይሰበሰባሉ፤ መጠናቸው ግን እኩል ስላልሆነ፣ በጥርሶቹ መካከል እርጥበትና ረቂቅ አፈር የሚገባበት ቀዳዳ ይፈጠራል።

እርጥበቱ ከገባ በኋላ የሚሆነውን ለመረዳት ጣሊያናዊውን ሊቅ አሌሳንድሮ ቮልታን ማስታወስ ይጠቅማል። ቮልታ እ.ኤ.አ. በ1800 ሁለት ዓይነት ማዕድናትን በጨው ውሃ ከተነከረ ነገር ጋር አንዱን በአንዱ ላይ በመደርደር፣ ሳያቋርጥ የሚፈስ የኤሌክትሪክ ኃይል እንደሚገኝ ለዓለም አስታወቀ። ያ ሕገ ተፈጥሮ በሞተር ሳይክላችሁ ቴስታታ ውስጥም ይሠራል፤ ብረትና አሉሚኒየም ተጎራብተው፣ በመካከላቸው የጭቃና የዝናብ ውሃ ሲቋጠር፣ ከሁለቱ አሉሚኒየሙ እየተበላ ወደ ነጭ ዱቄት ይለወጣል።

ነጩ ዱቄት ከተወለደበት ማዕድን ይልቅ ሰፊ ቦታ ይፈልጋል፤ የሚሄድበት ግን የለውም። ስለዚህ ውሃ ጠጥቶ በግድግዳ ውስጥ እንዳበጠ የእንጨት ችካል ስተዱን ከየአቅጣጫው ጨምቆ ይይዘዋል። በውጭ በኩል ደግሞ ዳዶው ከስተዱ ጋር በቀይ ዝገት ይጣበቃል። እንግዲህ የምንታገለው ከሁለት ጠላት ጋር ነው ማለት ነው፤ በውጭ ቀይ ዝገት፣ በውስጥ ነጭ ዱቄት። እደግመዋለሁ፤ በውጭ ቀይ ዝገት፣ በውስጥ ነጭ ዱቄት።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ላሳስብ። ከጉዞ እንደ ተመለሱ ሳይበርድ በሞተር ላይ ውሃ የሚያፈስሱ ሰዎች በየእጥበት ቤቱ ይታያሉ። ትኩሱ ብረት በድንገት ሲሰበሰብ ውሃው ወደ ጥርሶቹ ዘልቆ ይገባል፤ ቴስታታውንም ለስንጥቅ ሊዳርገው ይችላል። ሞተሩ እጅ በሚያስነካ መጠን እስኪቀዘቅዝ ድረስ መታገሥ ምንም ወጪ የለውም።

(አጭር ዜማ።)

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። በመጀመሪያ የሚያስፈልገን መሣሪያ ምን ይመስላችኋል? መፍቻ ነው ያላችሁ ትኖራላችሁ፤ መዶሻም ያላችሁ ትኖራላችሁ። መጀመሪያ የሚያስፈልገን የሽቦ ብሩሽና አንድ ሌሊት ነው።

ከዳዶው ውጭ የሚታየውን የስተዱን ጥርስ በሽቦ ብሩሽ አጽዱት፤ ያልጸዳ ጥርስ ላይ የሚወጣ ዳዶ መንገዱ ላይ እንደ ገና ይነክሳልና። ከዚያ ሰርጎ የሚገባ ዘይት አጠጡት። ከሱቅ የሚገዛው መልካም ነው፤ ባይገኝ ብዙ መካኒኮች የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይትና አሴቶን እኩል እኩል ቀላቅለው ይጠቀማሉ፤ ናፍጣና ነጭ ጋዝም ቢሆን ከደረቅ ትግል ይሻላሉ። ማታ አጠጡት፣ ጧት ድገሙት፣ በየመካከሉም በስተዱ ጫፍ ላይ ቀለል ባለ መዶሻ ደጋግማችሁ ነካ ነካ አድርጉት። ጥርሱ እንዳይጎዳ አዲስ ዳዶ ከጫፉ ጋር እኩል እስኪሆን አስገብታችሁ በላዩ ብትመቱ ይመረጣል። ከአንድ ከባድ ምት ይልቅ ብዙ ቀላል ምት ዝገቱን ያደቅቀዋል፤ ለዘይቱም መንገድ ይከፍትለታል።

አንድ ሌሊት ስል ብዙዎች እንደማይወዱት አውቃለሁ። ደንበኛው በበሩ ቆሞ ሰዓቱን እየተመለከተ፣ ብሎኑ በዘይት ተነክሮ ይደር ማለት ድፍረት ይጠይቃል። ነገር ግን በዚህ ሥራ ላይ ከትዕግሥት የበለጠ ርካሽ መሣሪያ የለም ብዬ በሙሉ ልብ እናገራለሁ፤ በችኮላ የተሰበረ ስተድ ከአንድ ሌሊት የሚበልጥ ጊዜ ይወስዳልና።

(ጥቂት ዕረፍት።)

ዳዶውን ስትፈቱ ስድስቱንም ማዕዘን የሚይዝ መፍቻ ይዛችሁ ቅረቡ። ለ6 ሚሊሜትር ስተድ አብዛኛውን ጊዜ 10 ቁጥር፣ ለ8 ሚሊሜትር ስተድ 12 ወይም 13 ቁጥር መፍቻ ይሆናል። አፉ የሰፋ መፍቻ ዳዶውን ያከብበዋል።

ዳዶው ከብቦ አልያዝ ቢልስ? አትዘኑ፤ ዳዶው ርካሽ ነው። በብረት መጋዝ ወይም በሞረድ አንዱን ጎኑን እስከ ጥርሱ ድረስ ቁረጡትና በቁርጡ ላይ መሮ አግብታችሁ ስትመቱት ይሰነጠቃል፤ ስተዱም በሰላም ይቀራል። ዳዶውን ስትፈቱ ስተዱ ራሱ አብሮ እየዞረ ቢወጣላችሁ ደግሞ በደስታ ተቀበሉት፤ ከባዱ ሥራ በራሱ ተፈጽሞላችኋል፤ አዲስ ስተድ ትተክላላችሁ።

ስተዱ ብቻውን በቀረ ጊዜ ሁለት ዳዶ ፈልጉ። ሁለቱንም በስተዱ ላይ አስገብታችሁ አንዱን በአንዱ ላይ አጥብቁ፤ እርስ በርሳቸው ተቆላልፈው ለስተዱ ራስ ይሆኑለታል። አሁን ልጠይቃችሁ፤ ስተዱን ለማውጣት መፍቻውን በየትኛው ዳዶ ላይ ታሳርፋላችሁ? በውጨኛው ወይስ በውስጠኛው?

(የአምስት ሰከንድ ዜማ።)

በውስጠኛው፣ ማለት ወደ ቴስታታው በቀረበው ነው። ወደ ግራ ስታዞሩት ውጨኛው ወደ ኋላ እንዳያመልጥ ያግደዋል። ስተዱን ለመትከል በምትፈልጉ ጊዜ ደግሞ በተቃራኒው በውጨኛው ትጠቀማላችሁ።

እዚህ ላይ ነው የእጅ ጥበብ የሚፈተነው። የመፍቻው ርዝመት 20 ሳንቲሜትር ቢሆንና በጫፉ ላይ የ10 ኪሎ ክብደት ያህል ብትጫኑ፣ 6 ሚሊሜትር ስተድ በተለመደው አሠራር ከሚጠብቅበት ኃይል እጥፍ ያህል ይደርስበታል። ልብ በሉ፤ 10 ኪሎ ለአንድ ጎልማሳ ክንድ ምንም አይደለም። ዝገት ከጎኑ የበላው፣ ለብዙ ዓመት እሳት የጠበሰው ስተድ ይህን እንዴት ይችለዋል? ስለዚህ ረጅም ቧንቧ በመፍቻው ጫፍ ላይ መቀጠል በዚህ ሥራ ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን።

እጃችሁ የሚነግራችሁን አዳምጡ። ስተዱ ጭርር የሚል ደረቅ ድምፅ አሰምቶ ጥቂት ከተንቀሳቀሰ፣ ዝገቱ እየተለቀቀ ነው። ድምፅ ሳይሰጥ ለስለስ ብሎ የሚጠመዘዝ መስሎ፣ ስትለቁት ግን ወደ ነበረበት የሚመለስ ከሆነ፣ ጫፉ እንጂ ሥሩ አልዞረም፤ ሊበጠስ ነውና ወዲያው አቁሙ። በተንቀሳቀሰም ጊዜ አንድ ጊዜ አውጥቼ ልገላገል አትበሉ፤ ጥቂት ወደ ግራ፣ መልሳችሁ ጥቂት ወደ ቀኝ፣ ዘይት ጨምራችሁ እንደ ገና ወደ ግራ። የደቀቀው ዱቄት ከጥርሱ ሥር መውጫ የሚያገኘው በዚህ መመላለስ ነው።

(አጭር ዜማ።)

ዘይቱና ትዕግሥቱ ያልፈቱትን እሳት ይፈታዋል። አሉሚኒየሙ ከብረቱ አብልጦ ይሰፋል ብለን ነበር፤ እንግዲህ ነበልባሉ የሚያርፈው በስተዱ ዙሪያ ባለው አሉሚኒየም ላይ ነው፤ ቀዳዳው ሲሰፋ ስተዱ ይላላል።

ነገር ግን ከእሳት በፊት ጥንቃቄ ይቅደም። የቤንዚኑን ሰልባቲዮ አውርዳችሁ ከቤት ውጭ አስቀምጡ፤ የካርቡራተሩን ቤንዚን አፍስሱ፤ አሴቶን የነካውን ጨርቅ ሁሉ አርቁ፤ በስተዱ ዙሪያ የቀረውንም ዘይት ጥረጉ። አሴቶን በእሳት አጠገብ ማለት ለራስ መቃጠል መዘጋጀት ነው።

ሁለተኛው ጥንቃቄ ከዚህ ይረቅቃል። ብረት ሲግል እየቀላ ያስጠነቅቃል፤ አሉሚኒየም ግን አይቀላም። ንጹሕ አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል፤ የቴስታታው ቅልቅል ደግሞ ከዚያም ባነሰ ሙቀት መልፈስፈስ ይጀምራል፤ ሁለቱም በቀን ብርሃን መልካቸውን ሳይለውጡ ድንገት ይፈርሳሉ። ስለዚህ ነበልባሉን በአንድ ቦታ አታቁሙ፤ እያዟዟራችሁ አሙቁ፤ ጠብታ ውሃ ጣል ስታደርጉበት ቸስ ብሎ ወዲያው የሚተን ከሆነ ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ አልፏልና ለመጀመሪያው ሙከራ ይበቃል።

በዚህ ጊዜ የሰም ጧፍ ወይም ሻማ በጋለው ስተድ ሥር ብታስነኩ፣ ሰሙ ቀልጦ በጥርሶቹ መካከል ይሰርጋል። ይህ ብዙ መካኒኮች የሚወዱት አሮጌ ዘዴ ነው፤ እኔም እወደዋለሁ፤ ምክንያቱም ሰሙን ለማስነካት ሲባል እጅ ከመፍቻው ላይ ለጥቂት ጊዜ ይነሣል፤ ያ ጥቂት ጊዜ ብዙ ስተዶችን አድኗል። ከዚያ እንደ ቀድሞው ጥቂት ወደ ግራ፣ ጥቂት ወደ ቀኝ። እንቢ ካለ ይቀዝቅዝ፣ ይጋል፣ ይቀዝቅዝ። ሙቀትና ብርድ በተፈራረቁ ቁጥር ነጩ ዱቄት ይሰነጣጠቃል።

(ጥቂት ዕረፍት።)

ይህ ሁሉ ተደርጎ ስተዱ ቢሰበርስ? ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ተስፋ ይቆርጣል፤ አይገባም።

የተሰበረው ጉቶ ከአሉሚኒየሙ ላይ ጥቂት ከፍ ብሎ የቀረ እንደ ሆነ፣ ወደ ጥሩ በያጅ ውሰዱት። በያጁ በጉቶው ላይ ዳዶ አስቀምጦ በዳዶው ቀዳዳ ውስጥ ዳዶውንና ጉቶውን በብየዳ ያጣምራቸዋል። የብረት ብየዳ ከአሉሚኒየም ጋር ስለማይዋሐድ ቴስታታው አይያዝም። የብየዳውም እሳት ራሱ መድኃኒት ነው፤ ጉቶው ግሎ ሲሰፋ ዱቄቱን ያደቅቀዋል፣ ቀዝቅዞ ሲሰበሰብ ይላላል። ከብየዳው በፊት የባትሪውን ሽቦ መንቀል አይረሳ፤ ከብየዳውም በኋላ ቅላቱ እስኪጠፋ ታገሡና ጉቶውን በዳዶው አዙሩት። አንዱ ዳዶ ቢላቀቅ ሌላ ይበየድ። በእኔ አስተያየት ከሰበራ በኋላ ካሉት መንገዶች ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው።

ጉቶው ከአሉሚኒየሙ ጋር እኩል ተሰብሮ እንደ ሆነ ግን መሰርሰር ግድ ይሆናል። እዚህ ላይ የሚያስፈራው ፑንታው መንሸራተቱ ነው፤ ጠንካራውን ብረት ትቶ ወደ ለስላሳው አሉሚኒየም ይሸሻል። ስለዚህ የጉቶውን ፊት በሞረድ አስተካክሉ፣ ልክ ማእከሉን በሹል ብረት ምቱ፣ በቀጭን ፑንታ ጀምራችሁ ደረጃ በደረጃ አስፉ። የማርሚታውን አንገት መልሳችሁ በደኅነኛው ስተድ ላይ ብታስሩት፣ በአንገቱ ባዶ ቀዳዳ ውስጥም ልክ የሆነ የብረት ቀለበት ብትከቱበት፣ ፑንታውን ቀጥ አድርጎ ይመራላችኋል። በግራ የሚዞር ፑንታ ካገኛችሁ ጉቶው እየተሰረሰረ ራሱ ሊወጣ ይችላል። ለ6 ሚሊሜትር ስተድ ከ5 ሚሊሜትር ፑንታ አትለፉ፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረውን ስስ ቅርፊት በሹል ብረት ፈልቅቃችሁ ታወጡታላችሁ። ብናኙ ወደ ውስጥ እንዳይወርድም የጭሱን አፍ በጨርቅ ድፈኑት፤ ፒስቶኑንም የጭስ ቫልቩ በሚዘጋበት ቦታ ላይ አቁሙት።

በሱቅ የሚሸጥ፣ ጥርሱ ወደ ግራ የተጠመዘዘ የተሰበረ ብሎን ማውጫ አለ። በዚህ ሥራ አልመክረውም። የተሠራበት ብረት እጅግ ጠንካራ በመሆኑ ተሰባሪ ነው፤ ሙሉ ስተድን ያላንቀሳቀሰ ኃይል በዚያ ቀጭን ብረት ላይ ሲያርፍ፣ እርሱም በቀዳዳው ውስጥ ይሰበራል፤ ከዚያ በኋላ ተራ ፑንታ አይቆርጠውም። ርካሹ ስተዱ ነው፤ ውዱ ቴስታታው ነው።

የአሉሚኒየሙ ጥርስ የተበላ እንደ ሆነ ቴስታታውን ወደ ቶርኖ ቤት ውሰዱት። ቀዳዳውን አስፍተው አዲስ ጥርስ ካወጡበት በኋላ፣ ከማይዝግ ብረት ሽቦ የተጠቀለለ ምትክ ጥርስ ያስገቡለታል፤ ይህም ከለስላሳው አሉሚኒየም ጥርስ ይልቅ ጥንካሬ ይኖረዋል።

(አጭር ዜማ።)

መልሳችሁ ስትገጥሙ ነገ የሚፈታውን ሰው አስቡት። በስተዱ ጥርስ ላይ መዳብ የተደባለቀበትን፣ ሙቀት የማያቃጥለውን ቅባት በስሱ ቀቡ፤ ተራ ግሪስ በዚያ ሙቀት ይቃጠልና ከሰል ይሆናል። ስተዱ ታችኛው ጥርሱ እስኪያልቅ በእጅ ይግባ፤ ብዙ ማጥበቅ አያስፈልገውም። የሚገኝ ከሆነ የናስ ዳዶ ተጠቀሙ፤ ናስ በቀይ ዝገት ከስተዱ ጋር አይጣበቅም። የጭሱን አፍ ጓርኒሲዮን በአዲስ ለውጡ። ዳዶዎቹንም ተራ በተራ፣ አንዱን ጥቂት፣ ሌላውን ጥቂት እያላችሁ አጥብቁ፤ ጥቂት ከተነዳ በኋላ ቀዝቅዞ ሳለ እንደ ገና ፈትሹት።

ከመለያየታችን በፊት ለሁለት ወገኖች ልመና አለኝ። እናንት የጋራዥ ባለቤቶች፣ ከጥቅም ውጭ የሆነ አሮጌ ቴስታታ በእጃችሁ ያለ እንደ ሆነ ለቁራሌ አትስጡት፤ ለማጅ ልጆቻችሁ የነከሰ ስተድ መፍታትን፣ ማእከል መምታትን፣ መሰርሰርን በእርሱ ላይ ይማሩበት። እናንተም የሞተር ሳይክል ባለቤቶች፣ መካኒኩ ብሎኑ በዘይት ተነክሮ ይደር ያላችሁ ዕለት አታስቸኩሉት፤ ሞተራችሁን ትታችሁ ሂዱና በማግሥቱ ተመለሱ።

(የመዝጊያ ዜማ ከፍ እያለ ይሄዳል።)